ስለ ኤሌክትሪክ በትርና ስለ ሰው ገላ

ራስን ከጉዳት ለመጠበቅ መሻት ለፍጥረት ሁሉ የተሰጠ ነገር ነው። ጃርት እሾሁን፥ ንብ መንደፊያዋን፥ ኤሊም ድንጋይ የመሰለ ልብሷን ይዘው የተፈጠሩት ስለዚህ ነው። በዓባይ ውሃ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓሣም አለ፤ ይኸውም ገላው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስለ ሆነ፥ ሊበላው የቀረበውን ሁሉ አንቀጥቅጦ ይመልሰዋል። ኃይሉም እስከ 350 ቮልት እንደሚደርስ ሊቃውንት ለክተው አስረድተዋል። የጥንት ግብፃውያን የዚህን ዓሣ መልክ ከ4000 ዓመታት በፊት በመቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል፤ ዐረቦችም በቋንቋቸው ነጎድጓድ ብለው ሰይመውታል።

የሰው ልጅ ግን እሾህም መንደፊያም ስላልተሰጠው፥ በእነዚህ ሁሉ ፈንታ በተሰጠው አእምሮ መሣሪያውን ራሱ ሲሠራ ኖሯል። ከዱላ ወደ ጦር፥ ከጦር ወደ ጠመንጃ የተሻገረበት መንገድ የታወቀ ነው። በዘመናችን ደግሞ ደም ሳያፈስ፥ አጥንትም ሳይሰብር ጠላትን ለጊዜው የሚጥል መሣሪያ አገኘሁ ብሎ ኤሌክትሪክን በእጁ ጨብጧል። ይህ መሣሪያ በሰው ገላ ላይ የሚያደርገውን ነገር፥ ሊገዛው የሚያስበው ሹምም፥ ስለ ሰው ነፍስና ሥጋ የሚያስተምረው ካህንም ሊያውቀው የሚገባ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ወደድን። በዚህ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።

የነገሩ መሠረት ሩቅ ነው። ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ፥ የሞተች እንቁራሪት እግር ኤሌክትሪክ ሲነካው እንደ ሕያው እንደሚወራጭ አይቶ፥ ምርመራውን በ1791 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የሰው ጡንቻ የሚታዘዘው፥ ከአንጎል ተነሥቶ በነርቭ ውስጥ በሚሄድ ረቂቅ የኤሌክትሪክ መልእክት መሆኑ እየተገለጠ ሄደ። እንግዲህ ከውጭ የመጣ ኤሌክትሪክ ያንኑ መልእክት አስመስሎ ቢልክ፥ ጡንቻው የባለቤቱን ትእዛዝ ትቶ የእንግዳውን ትእዛዝ ይቀበላል ማለት ነው። ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ይዞ ከደከመ በኋላ፥ በ1974 ቴዘር የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ ፈጸመ። ስሙንም የወሰደው በ1911 ከታተመ፥ ስለ ኤሌክትሪክ ጠመንጃ ከሚያወራ የልጆች ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። በልጅነት ጨዋታ የታሰበው ነገር በሽማግሌዎች እጅ እውነት ሆነ።

ስለዚህ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ወሬ ሲነገር እንሰማለን። ሻጮቹ፥ ከቁንጫ ንክሻ በቀር ጉዳት የለውም ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀራቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ የነካውን ሁሉ እንደ መብረቅ የሚገድል አድርገው ያወራሉ። ሁለቱም ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። የራቀ ወሬ ደግሞ ሹሙን በሁለት መንገድ ያስታል፤ ጉዳት የለውም ብሎ ያመነ እጁን አያግድም፤ ሁሉን ይገድላል ብሎ የፈራም ከዚህ የባሰውን ጥይት ይመርጣል።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሩቅ የሚወረወር ነው፤ በታመቀ ጋዝ ኃይል ሁለት ጥቃቅን መንጠቆዎች ተወርውረው በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ይሰካሉ፤ ከኋላቸው ቀጭን ሽቦ ስለሚጎትቱ፥ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሄዶ በሁለቱ መንጠቆዎች መካከል ባለው ገላ ያልፋል። መንጠቆዎቹ ተራርቀው ከተሰኩ ብዙ ጡንቻ ስለሚያዝ ሰውየው እንደ ግንድ ይወድቃል። ተቀራርበው ከተሰኩ ግን ሕመም እንጂ መውደቅ ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት በእጅ ተይዞ ገላን የሚነካ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ በጣም የተቀራረቡ ስለ ሆኑ፥ ሥራው ማሳመም ነው እንጂ ጡንቻን መግዛት አይደለም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምንናገረው ፍርድ ሁሉ ያረፈበት ስለ ሆነ አንባቢው በልቡ ይያዘው።

አሁን ስለ ኃይሉ መጠን እንናገር። ፖሊሶች ብዙ ጊዜ የያዙት አንዱ ዓይነት መሣሪያ 50,000 ቮልት አለው ይባላል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ሰው የሚገድል ሆኖ ሳለ፥ ይህ 50,000ው እንዴት አይገድልም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልካም ጠየቀ። መልሱ ይህ ነው፤ ቮልት የግፊቱ መጠን ነው እንጂ የሚፈሰው ብዛት አይደለም። አንዲት የውሃ ጠብታ ከጢስ ዓባይ ከፍታ ብትወርድ ሰው አትወስድም፤ በክረምት የሞላ ወንዝ ግን እስከ ጉልበት ብቻ ቢደርስ እንኳ ሰው ጠርጎ ይሄዳል። 50,000ው ቮልት የሚያስፈልገው አየሩንና ልብሱን ለመዝለል ነው፤ ገላውን ከነካ በኋላ ግፊቱ ወደ 1,200 ቮልት ገደማ ዝቅ ይላል። የሚፈሰውም አንድ ወጥ ሆኖ ሳይሆን፥ በአንድ ሰኮንድ 19 ጊዜ እየተቆራረጠ፥ እያንዳንዱም የሰኮንድ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ እየቆየ ነው። አማካዩም ከአንድ አምፔር ሺኛ ሁለት እጅ ያህል ነው። የቤት መብራት ግን የሰው እጅ በያዘው ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ኃይል ያለ ዕረፍት ሊያፈስ ይችላል፤ የአምፔር አሥረኛ የሚያህለው በደረት ውስጥ ካለፈ ልብን ለማወክ ይበቃል።

ነርቭ ፈጣን ነው፤ የሰኮንድ አሥር ሺኛ የሚቆይ ጥሪ ይሰማል። የልብ ጡንቻ ግን ዝግ ያለ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ላለ አጭር ጥሪ በቀላሉ አይነሣም። መሣሪያው እጅንና እግርን ይዞ ልብን የሚተወው በዚህ ልዩነት ነው። ሆኖም ልዩነቱ እንደ አጥር ነው እንጂ እንደ ግንብ አይደለም። መንጠቆው በደረት ላይ፥ ከልብ አጠገብ ቢሰካ፥ ሰውየውም ቀጭን ቢሆን፥ ጥሪው እስከ ልብ ደርሶ አመታቱን ያፈጥነው ዘንድ ይቻላል። ልብ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ደም መርጨቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል።

ምስክርነቱን ከመልካሙ ወገን እንጀምር። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት፥ ፖሊሶች ይህን መሣሪያ የተጠቀሙባቸውን 1,201 ሰዎች መርምሮ፥ ከመቶ 99.75 የሚሆኑት ምንም ጉዳት እንዳላገኛቸው፥ ወይም ያገኛቸው ቀላል ጉዳት ብቻ እንደ ሆነ ገልጧል። ብርቱ ጉዳት ያገኛቸው ሦስት ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ሁለቱ የተጎዱት ሲወድቁ ራሳቸውን ተመትተው ነው። በ2011ም የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ያሰባሰባቸው ሊቃውንት፥ መሣሪያው ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ በደንቡ ከተሠራበት የሞት አደጋው ከፍ ያለ ነው ለማለት የሚያበቃ የሕክምና ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ይህን ምስክርነት መሸሸግ ለእውነት አይበጅም።

ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ሰው፥ በደንቡም የተሠራበት፥ የሚሉት ሁለቱ ቃላት ሸክሙን ሁሉ የተሸከሙ ናቸው። ፖሊስ በሌሊት የሚገናኘው ሰው ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ አንዱ የሰከረ፥ አንዱ መድኃኒት የወሰደ፥ አንዱ አእምሮው የታወከ፥ አንዱ ልቡ የደከመ፥ አንዷም እርጉዝ ትሆናለች። ጡንቻው በድንገት የታሰረበት ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ሊያድን ስለማይችል፥ ከደረጃ ወይም ከጣራ ላይ ቢሆን፥ ወይም በውሃ ዳር ቢቆም፥ የሚገድለው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን አወዳደቁ ነው። መንጠቆው ዓይን ቢያገኝ ያሳውራል። ቤንዚን የነካው ልብስ ካለ ብልጭታው ያነደዋል። የጀርባ ጡንቻ በብርቱ ሲኮማተር የአከርካሪ አጥንት የተሰነጠቀበትም ጊዜ አለ።

ስለ አእምሮም የተገለጠ ነገር አለ። በአሪዞና የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት፥ በፈቃዳቸው የተፈተኑ ጤነኞች ሰዎች እንኳ መሣሪያው ከነካቸው በኋላ፥ የሰሙትን ቃል የመያዝና የማስታወስ ችሎታቸው አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ዳኞችና መርማሪዎች በጥንቃቄ እንዲያነቡት እንፈልጋለን። ሰው በኤሌክትሪክ ከተመታ በኋላ ወዲያው መብቱ ቢነበብለት፥ ወይም ቃሉን ስጥ ቢባል፥ የሚመልሰው በጎደለ ልቡና ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት የተገኘ የእምነት ቃል፥ በሚዛን ሲቀመጥ ይቀልላል።

ስለ ልብ ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። የመሣሪያው ሠሪ ኩባንያ ራሱ በ2009 ለፖሊሶች ባወጣው ምክር፥ ሲቻል ደረትን አትምቱ፥ ከደረት በታች ወይም ጀርባን ምቱ አለ። በ2011 በአሜሪካ ለፖሊሶች የወጣው የአሠራር መመሪያ፥ መሣሪያው በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ይሁን በመደጋገም ከ15 ሰኮንድ በላይ ከሠራ፥ የሞት ወይም የብርቱ ጉዳት አደጋ ከፍ ሊል እንደሚችል አስጠነቀቀ። አንድ ጊዜ ሲተኮስ የሚቆየው 5 ሰኮንድ ስለ ሆነ፥ ይህ ማለት ከሦስት ጊዜ አትለፉ ማለት ነው። በ2012 አንድ የታወቀ አሜሪካዊ የልብ ሐኪም፥ ደረታቸውን ከተመቱ በኋላ ልባቸው የቆመ የስምንት ሰዎችን ታሪክ በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ይህ ሐኪም በኩባንያው ላይ በተነሡ ክሶች ለከሳሾች በባለሙያነት የቀረበ ስለ ሆነ፥ ተቃዋሚዎቹ ነቅፈውታል፤ ቢሆንም ነገሩ ፈጽሞ አይሆንም ለማለት የሚቻልበት ዘመን ከዚያ ወዲህ አልፏል። ሮይተርስ የተባለው የዜና ድርጅት በ2017 ባወጣው ምርመራ፥ በአሜሪካ ፖሊሶች ይህን መሣሪያ ከተጠቀሙ በኋላ የሞቱትን ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ቈጥሮ፥ ከእነርሱ በ153ቱ ላይ አስከሬን መርማሪዎች መሣሪያውን የሞቱ ምክንያት ወይም አጋዥ ምክንያት ብለው መመዝገባቸውን ገልጧል። ከተደረገው አጠቃቀም ብዛት አንጻር ይህ ቁጥር ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። ለሟች እናት ግን ጥቂት የሚባል ቁጥር የለም።

ከነዚህ ሁሉ ታሪኮች አንዱን ብቻ እናንሣ። በ2007፥ በጥቅምት ወር፥ አንድ የፖላንድ ሰው ከእናቱ ጋራ ሊኖር ወደ ካናዳ ሄዶ በቫንኩቨር አይሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። የአገሩን ቋንቋ አያውቅም። ብዙ ሰዓት በዚያው ውስጥ ሲንከራተት፥ የሚረዳውም የሚያስረዳለትም ሳያገኝ፥ ደክሞት ታወከ፥ ዕቃም ወረወረ። አራት ፖሊሶች መጡ፤ ጥቂት ሰኮንዶችም ሳይቆዩ በመሣሪያው መቱት፤ በጠቅላላውም አምስት ጊዜ አሠሩበት፤ ሰውየውም በዚያው ሞተ። በኋላ ቶማስ ብሬድዉድ የተባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነገሩን መርምረው፥ በ2010 ባወጡት ፍርድ መሣሪያውን መጠቀም አይገባም ነበር አሉ። ይህ ሰው ቢላዋ አልያዘም፥ ጠመንጃም አልነበረውም። ያስፈለገው ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ አስተርጓሚ፥ አንድ ኩባያ ውሃና ትንሽ ትዕግሥት ነበር። እነዚህ ሦስቱ ግን በወገብ ላይ አይታጠቁም፤ መሣሪያው ደግሞ ለእጅ ቅርብ ነበር።

በዚህ ላይ የኛን አሳብ እንገልጣለን። የዚህ መሣሪያ ትልቁ አደጋ ልብን ማወኩ ብቻ አይደለም፤ ምልክት አለመተዉም ነው። ዱላ ያበጠ ገላ ይተዋል፥ ጅራፍ ሰንበር ይተዋል፥ ጥይት ቀለሁን ይተዋል። በደል የደረሰበት ሰው ይህን አሳይቶ በዳኛ ፊት ይቆማል። የኤሌክትሪክ በትር ግን የሚተወው ሁለት ቀያይ ነጠብጣብ ነው፤ እርሱም በጥቂት ቀን ይጠፋል። ሕመሙ ግን በቀመሱት ሁሉ ምስክርነት እጅግ ጽኑ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ የተመታው ሲያስታውስ የመታው ይክዳል፤ በመካከላቸውም የሚመሰክር ቁስል የለም። ስለዚህ ምልክት የማይተው መሣሪያ፥ ምልክት ከሚተወው ይልቅ የጠበቀ መዝገብ ያስፈልገዋል እንላለን።

ይህ ፍርሃት የኛ ብቻ አይደለም። ፖርቱጋል ይህን መሣሪያ በገዛች ጊዜ፥ በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሥቃይ ኮሚቴ፥ የሚያስከትለው ጽኑ ሕመም ሥቃይ ከማድረስ እንደሚቈጠር አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረትም በእስረኛ ገላ ላይ የሚታሰረውን የኤሌክትሪክ ቀበቶ ንግድ ፈጽሞ ሲከለክል፥ በእጅ የሚያዘውን ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ አድርጓል። አገራችንም በ1994 ሥቃይን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች፤ በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥትም በ18ኛው አንቀጹ ሰው ሁሉ ከጭካኔና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ አዝዟል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ በማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ቢገባ፥ የሚመዘነው በሻጩ ማስታወቂያ ሳይሆን በዚህ ሕግ ነው።

የሚቃወመን ሰው እንዲህ ይለናል፤ ቢላዋ ይዞ የሚመጣ ሰው ፊት የቆመ ፖሊስ፥ ኤሌክትሪኩን ብትከለክሉት በጥይት ይገድለዋል፤ ታዲያ የቱ ይሻላል? ይህ ክርክር እውነት አለበት፤ በጥይት ሊሞት የነበረ ሰው በዚህ መሣሪያ ምክንያት ነፍሱ ከተረፈች ትርፉ ግልጥ ነው፤ እኛም መሣሪያው ጨርሶ ይጥፋ አንልም። ነገር ግን በጥይት ፈንታ የገባ መሣሪያ በጥይት ቦታ ብቻ ይቁም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን፥ በጥይት ፈንታ ገብቶ በቃል ቦታ መቆም ነው። ሰው እንቢ ስላለ፥ ስለ ዘገየ፥ ስለ ተሳደበ፥ ወይም በቫንኩቨር እንደ ሆነው ትእዛዙን ስላልሰማ ብቻ ይመታል። ጠመንጃ የያዘ ሰው መሣሪያው እንደሚገድል ስለሚያውቅ ይፈራዋል፤ ይህ ፍርሃት ራሱ ልጓም ነው። አይገድልም የተባለውን መሣሪያ የያዘ ግን ልጓም የለውም።

መሣሪያውን ለግል መጠበቂያ ለሚገዙ ሰዎችም አንድ ቃል እንጨምር። በየገበያው የሚሸጡት ብዙዎቹ በእጅ ተይዘው የሚነኩ ናቸው፤ በማሸጊያቸውም ላይ ሚሊዮን ቮልት ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ አንድ ሳንቲሜትር ደረቅ አየር 30,000 ቮልት ያህል ሲደርስበት በብልጭታ ይሰበራልና፥ በጥቂት ሳንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ጫፎች መካከል ሚሊዮን ቮልት ሊቆም አይችልም። ከዚህም በላይ የሚነካው መሣሪያ የሚያሳምም እንጂ የሚጥል ስላልሆነ፥ የሰከረ ወይም የተቆጣ ሰው ሕመሙን ንቆ መሣሪያውን ከእጅ ሊቀማ ይችላል። ለመጠቀምም ጠላትን እስከ ክንድ ርቀት ማስጠጋት ያስፈልጋል። በጨለማ ብቻዋን የምትሄድ ሴት እጅ ውስጥ የሐሰት ተስፋ ማስቀመጥ፥ ባዶ እጇን ከመሄድ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ እጇን ብትሆን ሮጣ ታመልጥ ነበርና። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፤ በእንግሊዝ አገር ለግል መያዙ ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፥ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የተፈቀደ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከመግዛታቸው በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለመፍቀድ የሚያስብ ባለሥልጣን ሁሉ፥ ከዋጋው አስቀድሞ እነዚህን ነገሮች እንዲያሰናዳ እናሳስባለን። አንደኛ፥ መሣሪያው የሚወጣው የሰው ሕይወት በእርግጥ አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይደንገግ፤ በታሰረና በተያዘ ሰው ላይ፥ በልጅ፥ በእርጉዝና በሽማግሌ ላይ እንዳይነሣ ይከልከል። ሁለተኛ፥ ደረትና ራስ እንዳይመቱ፥ ከ15 ሰኮንድም እንዳይታለፍ ያዥው ሁሉ ይማር። ሦስተኛ፥ የተመታ ሰው ሁሉ፥ ደኅና ነኝ ቢልም፥ በሐኪም ይታይ፤ ቃሉም ልቡናው ሳይመለስ አይወሰድ። አራተኛ፥ ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች መቼና ለስንት ሰኮንድ እንደ ሠሩ በውስጣቸው ስለሚመዘግቡ፥ ይህ መዝገብ በያዡ እጅ ሳይሆን በሌላ ሹም እጅ ይጠበቅ፤ ዳኛም በጠየቀ ጊዜ ይቅረብ። እነዚህን አራቱን ሊፈጽም የማይችል መሥሪያ ቤት፥ መሣሪያውን ባይገዛ ይሻለዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትና መምህራንም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የሰው ገላ የፈጣሪ እጅ ሥራ እንደ ሆነ ሕዝቡን የሚያስተምሩ እነርሱ ናቸውና፥ ቁስል ያልታየበት ሁሉ አልተበደለም ከሚል ፍርድ ሕዝቡም ሹሙም እንዲርቁ ያስተምሩ። ንስሐ የሚሰማ ካህን፥ በሥጋ ላይ የማይታይ ስንት ሕመም እንዳለ ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል የአገራችን ሰው። ኤሌክትሪክ በሐኪም እጅ የቆመን ልብ ሲቀሰቅስ አይተናል፤ ያው ኤሌክትሪክ ባልተማረና ባልተቆጣጠሩት እጅ የሚመታን ልብ ያቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመሣሪያው ውስጥ የለም፤ በያዡ ልብና ያዡን በሚጠይቀው ሕግ ውስጥ ነው።